ጥቁሩ ሳጥን ጥፋት አልነበረበትም

ለምወድህ ወንድሜ ለአርኖቢዮ፣

እንደምን ሰነበትህልኝ? ጤናህ እንዴት ነው? እዚህ ተራራው ላይ ዝናቡ ካባራ ገና ሦስት ቀኑ ነው። እዚያ ባሕር ማዶ ሳራጎሳ ግን የዘንድሮው ሙቀት ሰው እየጣለ ነው ሲሉ በሬዲዮ ሰማሁና፣ የሥራ ቦታህ ጥላ ይኑረው አይኑረው ሳስብ ዋልኩ። ያ የሚያስቸግርህ ጉልበትህስ ተሻለህ? ኢንማስ ደህና ናት? ትንሿ ናይራስ? አክስታችን ፋቢዮላ ያሳየችኝ ፎቶ ላይ ሁለቱ የፊት ጥርሶቿ ወልቀው እየሳቀች ነው። አገጯ የእማዬ ነው፤ ማንም አልነገረኝም፣ ራሴ ነኝ ያየሁት። ሁላችሁንም እግዚአብሔር በያላችሁበት ይጠብቅልኝ።

እኛ በሕይወት አለን። አባባ ሰማንያ አንድ ዓመት ሞላቸው። ዓይናቸውን ሞራ ሸፍኖታል፣ ጆሯቸው ግን ከእኔ ይሻላል፣ ቁጣቸውም እንደነበረ ነው። እኔም ደህና ነኝ፤ ደህና የምልህ ስለ አካሌ ነው። ስለ ሌላው ይህ ደብዳቤ ይነግርሃል። ስለዚህ ቆመህ የምታነበው ከሆነ ቁጭ በል፤ የሥራ መግቢያህ ከደረሰ ደግሞ አጥፈህ ኪስህ ክተተውና ስትመለስ አንብበው። ሦስት ጊዜ ጽፌ ቀድጄዋለሁ። ይህ አራተኛው ነው፣ እንደወጣ ይውጣ።

በመጀመሪያ የጂፓችንን ወሬ ልንገርህ፤ ነገሩ ሁሉ ከእሷ ይጀምራልና። አባባ መንዳት ካቆሙ ወዲህ የምነዳት እኔ ነኝ። ማክሰኞና ቅዳሜ ቡናና ሙዝ፣ በሌላው ቀን ሰው ጭኜ ከሎስ ያሩሞስ ወደ ከተማ እሄዳለሁ፣ እመለሳለሁ። መጀመሪያ ሰሞን ሴት አትነዳንም ብለው በእግራቸው የሄዱ ነበሩ፤ ዝናብ ሲደበድባቸው ጊዜ ተሳፈሩ። ቀለም መቀባቴንም አልተውኩም። በመንደራችን ጂፖች ላይ ያለው ስምና አበባ አብዛኛው አሁንም የእኔ እጅ ሥራ ነው።

ባለፈው ዓመት ግን ለካንዴላው ብልጭታ የሚሰጠው ፑንቲና አስቸገረኝ። ያኔ አንተ ጠርገህ የምትገጥመው ፑንቲና ዓመት ያገለግል ነበር፤ አሁን የሚመጣው ሦስት ሳምንት ሳይሞላው ይቃጠላል። በየዳገቱ እየወረድኩ በጥፍር ሞረድ ስሞርደው ከእኔ ጥፍር ይልቅ እሱ አምሮበት ነበር። ሰው ጭኜ ብልጭታው እየደከመ ሲሄድ ላብ ያጠምቀኛል። በመጨረሻ ዘንድሮ ማርች ወር ላይ አንድ ቀን ከጓዳ የብስኩት ጣሳህን አወረድኩ። ውስጡ ደብተርህና ሞተሩ ውስጥ በፑንቲናው ቦታ ትገጥመው የነበረው ቁራጭ ነበሩ፣ በጨርቅ ጠቅልለሃቸዋል። ጥቁሩ ሳጥን ራሱ ግን እንደምታውቀው ከኮፈኑ ሥር፣ የኋላው ላሜራ ላይ እንደታሰረ ነው። ሽቦዎቹን በፒንሳ ቆርጠህ ከተውከው ወዲህ ማንም አልነካውም።

ከዚህ በኋላ አንተ የምታውቀውን መልሼ ለአንተ ብነግርህ አትቆጣኝ። ነገሩን ከሥሩ ካላስቀመጥኩት መጨረሻውን መጻፍ አልችልም።

በ1994 ነበር፣ ካሊ ሄደህ የመኪና ኤሌክትሪክ ተምረህ የመጣህበት ዓመት። ኤፕሪል ላይ ፑንቲናውን አውጥተህ በእሱ ፈንታ ብልጭታ የሚሰጠውን የኤሌክትሮኒክ ሳጥን ገጠምክ። ሳጥኑ የሚቀመጥበትን ላሜራ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍገህ እንደ መስታወት ስታበራው አይቻለሁ። ሽማግሌዎቹ ነጂዎች ከበው ሲያዩህ ከእነሱ አንዱ አንሲዛር፣ «ፑንቲና ቢታመም በሞረድ አክመዋለሁ፣ ይኼ የታሸገ ነገር ቢታመም ለማን ነው አቤት የምለው?» ብሎ ሁሉንም አሳቀ፣ አንተም ሳቅህ። መኪናዋ ግን በብርድ ጠዋት በመጀመሪያው ቁልፍ ትነሳ ጀመር። ዳገቱንም ምንም ሳይመስላት ትወጣው ነበር፣ ሳቁም ቆመ። ሦስት ወር ሙሉ አንዴም አልጠፋችም።

የካርመን እመቤታችን በዓል ሲደርስ የእማዬ ልብ መድከም ጀምሮ ነበር። በእኛ መንደር ነጂ ሁሉ ኮፈኑን ከፍቶ ይቆማል፣ ቄሱም ጠበሉን ሞተሩ ላይ ጭምር ይረጫሉ። እኔም እመቤታችንን፣ እናቴን ካቆየሽልኝ መኪናችንን ከውጭ ብቻ ሳይሆን ከውስጥም ጠበሉ የሚያርፍበትን ሁሉ አሳምሬ እቀባልሻለሁ ብዬ ተሳልኩ። ቀለሙን ራሴ በጠበጥኩት፣ ቀይ ላይ ትንሽ ብርቱካንማ ጨምሬ፣ ሌላ ሰው ዘንድ የሌለ ቀይ። አንተ ዕቃ ልትገዛ አርሜኒያ ከተማ ሄደህ ሁለት ቀን ስትቆይ የሞተሩን ክፍል ውስጡን ሦስት ጊዜ ደራርቤ ቀባሁት። ስትመለስ ኮፈኑን ከፍተህ አፍህን ይዘህ መቅረትህ ዛሬም ዓይኔ ላይ አለ። በበዓሉም ቀን ቄሱ፣ «ይህማ ከመሠዊያዬ ይበልጣል» ሲሉ ደስታዬን የምደብቅበት አጥቼ ነበር።

ከበዓሉ በኋላ በስምንተኛው ቀን፣ እሑድ ረፋድ ላይ፣ እማዬን ደረቷን ያዛት። አንተ መሪው ላይ፣ አባባ ከጎንህ፣ እኔ ከኋላ የእማዬን ራስ ጭኔ ላይ አድርጌ ወጣን። ወንዙን ተሻግረን የላ ኡኒያን ዳገት ስንያያዝ፣ ሦስተኛው ጥምዝ ላይ ሞተሩ ድንገት ዝም አለ። ወርደህ ከፈትህ፤ ከካንዴላው ገመድ ብልጭታ የለም። ብልጭታውን የሚያጠነክረውን ቦቢና መለዋወጫ ይዘህ ነበርና ቀየርከው፣ ሽቦውን ሁሉ በጣትህ ዳሰስህ፣ ከባትሪው ተነስተህ መልሰህ ከባትሪው ጀመርህ። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ምንም ያልሆነች ይመስል ተነሳች። ትንሽ ሄደን ደግሞ ጠፋች። አራት ጊዜ እንዲህ ሆነ። አንሲዛር ከኋላችን ደርሶ እማዬን ወደ እሱ ጂፕ ስናሻግራት ከንፈሯ ጠቁሮ ነበር። ሆስፒታሉ በር ላይ አረፈች። ሐኪሙ፣ «ከአንድ ሰዓት በፊት ብትደርሱ ኖሮ» ብሎ ጀምሮ ፊትህን ሲያይ ሳይጨርሰው ተወው።

አባባ በመቃብሩ ፊት፣ ሕዝብ በተሰበሰበበት ያሉህን አልደግመውም። እናትህን የገደላት የአንተ ሳጥን ነው፣ ከዛሬ ወዲያ አባት የለህም ማለታቸውን የሰማ ሁሉ እስከ ዛሬ ያወራዋል። አንተም በሐዘኑ ሳምንት የሳጥኑን ሽቦ ቆርጠህ ፑንቲናውን መለስህ። መኪናዋም ከዚያ ወዲያ አልጠፋችም። ከዚያ የበለጠ ማስረጃ የፈለገ ሰው አልነበረም። አንተም ራስህ አልፈለግህም። ኖቬምበር ላይ ሄድህ።

ስምህ ግን እዚህ ቀረ። ይህን እስካሁን ማንም አልነገረህም፤ አክስታችንም ደብቃሃለች። የማንም መኪና ዳገት ላይ ቀጥ ስትል ነጂዎቹ፣ «አርኖቢዮ ያዛት» ይላሉ። መጀመሪያ ያወጣው አንሲዛር ነው፣ ከዚያ ሁሉም ያዘው። አንተን አይተውህ የማያውቁ ልጆች ሳይቀሩ የብስክሌታቸው ሰንሰለት ሲወልቅ ይሉታል። እኔም እየሰማሁ ዝም ስል ኖርኩ። እውነቱን ልንገርህ፣ አንድ ጊዜ ሰው ሲስቅ አብሬ ስቄያለሁ።

እንግዲህ በማርች የሆነው ይህ ነው። የተቆረጡትን ሽቦዎች በደብተርህ ሥዕል መሠረት ቀጠልኳቸው፣ ቁራጩንም ቦታው መለስኩ። ሳጥኑን ግን አላነቃነቅኩትም። በመጀመሪያው ቁልፍ ተነሳች። ሰው ሳልጭን ብቻዬን ይዣት ወጣሁ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ፣ ላ ኡኒያ ላይ፣ ሦስተኛው ጥምዝ ሳልደርስ ዝም አለች። ሳል የለ፣ መንገጫገጭ የለ፣ ቁልፉን ያዞሩባት ይመስል ዝም። ልክ የዚያን ቀን እንደሆነችው ነበር። መሪውን ይዤ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ከዚያ ደብተርህን ገለጥኩ።

የመጀመሪያው ገጽ ላይ በትልቁ «አትገምት፣ ፈትሽ» ብለሃል። እሺ አልኩህ። ከካንዴላው ብልጭታ አለ ወይ? የለም። ቦቢናው ላይ ኤሌክትሪክ ይደርሳል ወይ? የመፈተሻው አምፖል በራ፣ ይደርሳል። ከሳጥኑ የሚወጡት ሽቦዎች ተበጥሰዋል ወይ? አንድ በአንድ ሳብ ሳብ አደረግኳቸው፣ አልተበጠሱም። ቀጥሎ አንዲት መስመር አለች፣ ሁለት ጊዜ አስምረህባታል። ሳጥኑ ማሳ የሚያገኘው በገላው ነው፣ ገላው ከመኪናው ብረት ጋር ካልተነካካ ኤሌክትሪኩ የሚመለስበት የለውም፣ ሳጥኑ ደህና ሆኖ ሳለ የሞተ ይመስላል ትላለች። የአምፖሉን አንድ እግር ከባትሪው ፖዘቲቭ አያይዤ ሌላውን ሞተሩ ላይ ነካሁ፤ ቦግ አለ። ወደ ሳጥኑ ገላ አዛወርኩት፤ ጨለመ። ሳጥኑን በካቻቢቴ እጀታ ቀስ አድርጌ ስመታው አምፖሉ ብልጭ ብሎ መልሶ ጠፋ።

ሁለቱን ብሎኖች ፈትቼ ሳጥኑን አነሳሁት። ከሥሩ ያ አንተ እንደ መስታወት ያበራኸው ብረት አልነበረም። የእኔ ቀይ ነበር። በዙሪያው ያለው በዘይትና በአቧራ ጠቁሯል፣ ከሳጥኑ ሥር ያለው ግን ዛሬ የተቀባ ይመስላል፣ ያ ብርቱካንማው ሳይቀር ይታያል። በአንደኛው የብሎን ቀዳዳ አፍ ላይ ብቻ ከፀጉር የማይወፍር የብረት ቀለበት ትታያለች። ሳጥኑ በሕይወት ይኖር የነበረው በእሷ ነው። ሞተሩ ሲሞቅ ቀለሙ ይለሰልሳል፣ ብሎኑ ይላላል፣ እሷም ትለቃለች፤ ሲቀዘቅዝ መልሳ ትይዛለች። ለዚህ ነው አሥር ደቂቃ ስንጠብቅ ትነሳ የነበረው።

አንተ አርሜኒያ በሄድህበት ቀን ሳጥኑን የፈታሁት እኔ ነኝ። ዙሪያውን ብቻ ብቀባው ያስቀይመኛል ብዬ፣ ለእመቤታችን የተሳልኩት ጎዶሎ እንዳይሆን ብዬ፣ ፈትቼ ከሥሩም ቀባሁ። ሲደርቅ በነበረበት መልሼ ጥርቅም አድርጌ አሰርኩት። ጠርዙ ላይ አንዲት ጠብታ እንኳ አልፈሰሰችም። ስትመለስ አላወቅህም፤ እንዳታውቅ አድርጌ ስለሠራሁት ራሴን አመስግኜ ነበር።

አሁን ደግሞ ከዚህ የሚብሰውን እጽፍልሃለሁ። ዳገቱ ላይ፣ መኪናዋ ለሁለተኛ ጊዜ ስትጠፋ፣ ኮፈኑ ተከፍቶ ፊትህ አይታየኝም ነበር፣ ድምፅህን ብቻ ነበር የምሰማው። «ሩቢ፣ ስትቀቢ ሳጥኑን ነክተሽዋል?» አልከኝ። «አልነካሁትም» አልኩህ። ወዲያው፣ ሳላስብ። ለምን እንዲያ እንዳልኩ ዘጠኝ ዓመት አልጠየቅኩም፣ ከማርች ወዲህ ግን ሌላ ነገር አልጠይቅም። ሁለት ብሎን ፈትቶ ማሰርን እንደ መንካት አልቆጠርኩት ይሆን? ወይስ በእኔ እንዳይሳበብ ፈርቼ ነው? የእናቱ ትንፋሽ እጁ ላይ እየተቆራረጠ ሰው ይዋሻል ወይ? አላውቅም አርኖቢዮ። የማውቀው አዎ ብዬህ ቢሆን ኖሮ በሁለት ደቂቃ ታገኘው እንደነበር ነው። ሴንጢህ ኪስህ ውስጥ ነበር፤ ቀለሙን ፍቀህ ታስረው ነበር።

ይህን ካወቅሁ በኋላ ወዲያው ጻፍኩልህ ብል ደስ ባለኝ። አልጻፍኩም። ቀለሙን እስከ ብረቱ ፈግፍጌ ሳጥኑን መልሼ አሰርኩና መንዳቴን ቀጠልኩ። ከማርች እስከ ጁላይ አንድ ቀን አልጠፋችም። መንደሩ በሙሉ በረገመው ሳጥን አራት ወር ሲወጣ ሲወርድ አንድም ሰው አላወቀም። አባባ ከጎኔ ተቀምጠው፣ «ይህች ሞተር ምን አገኘች? እንደ ልጅነቷ ሆነች» ሲሉኝ ፑንቲናው ጥሩ ቢሆን ነው አልኳቸው። በየሌሊቱ ነገ እናገራለሁ እላለሁ፤ ሲነጋ ተሳፋሪው ይጠራኛል፣ እኔም ጥሪውን ምክንያት አደርጋለሁ።

በዓሉ ደረሰ። ዘንድሮም እንደ ወጉ ጂፖቹ በአበባና በሪባን ተጊጠው ቤተ ክርስቲያኑ ፊት ተሰለፉ፣ ኮፈኖቹ ተከፈቱ። አባባን ከፊት ወንበር አስቀምጬ ተራዬን ስጠብቅ ከኋላዬ የአንዱ ሞተር ጠፋበት። «አርኖቢዮ ያዛት» አለ አንዱ፣ ሰልፉ ሁሉ ሳቀ። ቄሱም ሳቁ፤ እሳቸው ከመጡ ሁለት ዓመታቸው ነው፣ አርኖቢዮ የሰው ስም መሆኑንም የሚያውቁ አይመስለኝም። ጠበሉን ሊረጩ ሲመጡ፣ አባ ትንሽ ይቆዩኝ አልኳቸውና ነጂዎቹን ጠራኋቸው።

አንሲዛር ቀድሞ መጥቶ አንገቱን ኮፈኑ ውስጥ አስገባ። የተቀጠሉትን ሽቦዎች ሲያይ፣ «እንዴ፣ ይኼ ሙት ተነሣ እንዴ?» አለ። አዎ፣ ከማርች ጀምሮ የምንወጣ የምንወርደው በእሱ ነው አልኩት። ከዚያ ሳጥኑን ፈትቼ የተፋቀውን ብረት አሳየኋቸው፣ በዙሪያው የቀረውን ቀይም በጣቴ አሳየኋቸው፣ ቀለሙ የማን እንደሆነ አልጠየቁም። ሁሉንም ነገርኳቸው፣ የጠየቅኸኝንና የመለስኩልህንም ጨምሬ። አላለቀስኩም፤ ብታለቅሺ ያዝኑልሻል፣ ያን አትውሰጂ ብዬ ለራሴ ነግሬው ነበር።

አንሲዛር ባርኔጣውን አውልቆ ያዘ። እማዬን ወደ ሆስፒታል ያደረሳት እሱ መሆኑን ታስታውሳለህ። «በማርች ካወቅሽው እስከ ዛሬ ምን ስትጠብቂ ነበር?» አለኝ። ፈርቼ ነው አልኩት። «ልጁ እኮ ዘጠኝ ዓመት ተሰድቧል ሩቢዬላ፣ እኔው ነኝ የሰደብኩት። አራት ወሩንም ለምን ጨመርሽበት?» አለ። ቄሱ ጠበሉን ረጭተው አለፉ፣ ሰልፉም ተንቀሳቀሰ። የተራራው ጥግ ላይ የአንዱ መኪና መልሳ ስትጠፋ ከአንዱም ጂፕ ድምፅ አልወጣም፤ ምን እንደሚሉ ጠፍቷቸው ሲጠባበቁ በመስታወቱ አየኋቸው።

አባባ ሁሉንም ሰምተዋል። ቤት እስክንደርስ አንዲት ቃል አልተናገሩኝም፣ ሦስት ቀን አልተናገሩኝም። የሰጠኋቸውን ይበላሉ፣ ከዚያ በረንዳ ላይ ፊታቸውን ወደ ሸለቆው አድርገው ይቀመጣሉ። ይርገሙኝ፣ ከቤት ያስወጡኝ ብዬ እየተዘጋጀሁ ነበር። በአራተኛው ቀን ለሾርባ ካሳቫ ስልጥ፣ ዞር ሳይሉ፣ «ያን ጊዜ ካቻቢቴውን ያቀበልኩሽ እኔ ነበርኩ» አሉ።

እውነታቸውን ነው አርኖቢዮ። ረስቼው ነበር። ሳጥኑን ስፈታ ከመሣሪያ ሣጥን መርጠው የሰጡኝ እሳቸው ናቸው፣ ስመልሰው ደግሞ ላሜራውን ከወዲያ የደገፉልኝ እሳቸው ናቸው። ዳገቱ ላይ ስትጠይቀኝ ከፊት ተቀምጠው ጥያቄህንም መልሴንም ሰምተዋል። ለምን ዝም አሉ ብዬ ጮህኩባቸው፤ በሕይወቴ ጮኼባቸው አላውቅም። «በዚያ ሰዓት ስለ ቀለም የሚያስብ ሰው አለ? እሷን ነበር የማየው» አሉ። ከዚያስ፣ መቃብሩ ላይስ አልኳቸው። «መቃብሩ ላይ ትዝ አለኝ። ማሳ ምን እንደሆነ አላውቅም፣ ግን እሱ የማያውቀው እጅ እንደነካው አወቅሁ። ከሁለታችሁ አንዳችሁ መሸከም ነበረባችሁ። እሱ ወንድ ነው፣ ሙያ አለው፣ የትም ሄዶ ያድራል ብዬ አሰብኩ። አንቺ ብትሄጂ ባዶ ቤት ነበር የሚቀረኝ» አሉኝ።

ከዚያ ዞር ብለው በዚያ በማያይ ዓይናቸው አቅጣጫዬን ፈልገው፣ «ጻፊለት፤ ጥፋቱን ሁሉ ለራስሽ አድርገሽ እንዳትጽፊ፣ የእኔንም ጻፊው» አሉ። ጻፍኩት። ይኸውልህ።

ይቅር በለኝ ብዬ አልለምንህም፣ አሁን ያን መጠየቅ ካንተ ሌላ ነገር መውሰድ ይመስለኛል። ና አልልህም፣ አትምጣም አልልህም። አክስታችን እዚያ የሥጋ መጋዘን ውስጥ ትሠራለህ፣ መኪና የሚባል ነገር ከሄድህ ወዲህ ነክተህ አታውቅም ትላለች። እኔ እንድታውቅልኝ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው። ሥራህ ትክክል ነበር። በደብተርህ ያለው ሁሉ ትክክል ነበር። ያንን ሳጥን ባሰርክበት ቀን እንዳሰርከው ቢተውልህ ኖሮ እማዬ ሆስፒታል ትደርስ ነበር።

ለኢንማ ሰላምታዬን ንገርልኝ፣ ይህን አንብበህ ዝም ካልክባት እንድትታገሥህ ለምኛታለሁ በላት። ናይራን በሁለቱም ጉንጮቿ ሳምልኝ። አክስታችን ፋቢዮላ ሰላም ትልሃለች፣ የስምህን ነገር በመደበቋ አትቀየማት፣ ለአንተ አዝና ነው። አንሲዛርም ሰላም በይልኝ ብሏል። ቀጥሎም፣ «አንድ ቀን ከመጣ ለእኔም ሳጥን ይግጠምልኝ፣ ግን እኅቱ ቀለም ይዛ እንዳትጠጋን» ብሎ ሄደ።

የአባባን ሰላምታ አልጻፍኩልህም። ጻፊልኝ ብለውኝ ነበር፣ እንቢ አልኳቸው፤ ያን በራሳቸው አፍ ይበሉህ። ስልኩ አሁንም ያለው አክስታችን ቤት ነው። ትናንት እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ እዚያ ውሰጂኝ አሉኝ። ደብዳቤው ገና ተጽፎ አላለቀም፣ አርኖቢዮ በምን አውቆ ይደውላል ብላቸው አልሰማ አሉ። ከስልኩ አጠገብ ወንበር አስቀርበው እስከ ከሰዓት በኋላ ተቀመጡ። ሦስት ጊዜ ጮኸ፣ ሦስቱንም ራሳቸው አነሱት። አንዱም አንተ አልነበርክም።

እኅትህ ሩቢዬላ

ሎስ ያሩሞስ፣ ኪንዲዮ
ሰኞ፣ ኦገስት 4 ቀን 2003